ጀልባዋ የዞረች ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለጀልባችን መሪ፣
ድሬዳዋ

እንደምን ከርመሃል? አንተ፣ ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ በደጅህ የሚወጣው የሚገባው ሁሉ ደህና ነው ወይ? ጉልበትህን ያምህ ነበር፤ ተሻለህ? የድሬ ሙቀትስ ለመደህ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ከቀኝ ትከሻዬ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም፤ እጄ ከጆሮዬ በላይ አልወጣ ብሎኛል። ያን ሁሉ ዘመን ገመድ የወረወርኩበት እጅ ዛሬ ከመደርደሪያ ላይ ድስት ለማውረድ ሰው ይለምናል። ሲቀላ ውስጥ ትንሽ ዓሣ ቤት ከፍቼ በእሷ እተዳደራለሁ። በረከቷ አልጎደለም።

ያለህበትን የነገረችኝ ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ልጅ ናት። ቦንቱ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ከጓደኞቿ ጋር እየመጣች ዓሣ ለብለብ በዳጣ ትበላለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ከአባያ በኩል ነፋስ ተነስቶ ቆርቆሮዬን ሲያንገጫግጨው ሳቅ አለችና፣ “እኛ ሰፈር አንድ የወፍጮ ቤት ጋሼ አሉ። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ዱቄታቸውን እንደለበሱ ወጥተው ሰማይ ያያሉ። ‘ዛሬ ማንም እንዳይወጣ’ ይላሉ። የት እንዳይወጣ? ድሬዳዋ ምን ሐይቅ አለ?” አለች። ጓደኞቿ ሳቁ። እኔ የያዝኩትን ሳህን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ስምህን እስክትነግረኝ አልጠበቅኩም።

ስልክ ቁጥርህን ላምጣልዎት ብላኝ ነበር፤ አልፈለግኩም። በስልክ የሚነገር አለ፣ በስልክ የማይነገር አለ።

ለልጆችህ ስለ እኛ ነግረሃቸው እንደሆነ አላውቅም። ካልነገርካቸው ይህን አንብብላቸው፤ ለዚህ ስል አንተ የምታውቀውንም እጽፋለሁ። አራት ነበርን፦ ባዘዘው፣ ባፈና፣ እኔና አንተ። የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር አንዲት ሰማያዊ ጀልባ ሰጥቶን አባያ ላይ ነፋስ የመታውን ሰው እናወጣ ነበር። መምህር ኃይለመስቀል ያኔ ሥዕል ያስተምራል። አንድ ቀን ዳር ቆሞ ሰው ስናወጣ ተመለከተን፤ ከዚያ ወዲህ እኛ እኛ መሆናችን ቀረ። “አራቱ ቀዛፊዎች” ብሎ በሥዕል የሚነበብ ታሪክ አደረገን። መጀመሪያ በትምህርት ቤቱ ማባዣ፣ ኋላም አዲስ አበባ በቀለም እየታተመ መጣ። በሥዕሉ ላይ ባዘዘው ጉማሬ በትከሻው ተሸክሞ ያሻግራል። ባፈና እንደ አዞ ውኃ ውስጥ ውሎ ያድራል። የኔ ገመድ ደመና ጠልፎ ያመጣል። አንተ ደግሞ ነፋስን በስሙ እየጠራህ ታዘዋለህ።

እውነቱን እኛ እናውቀው ነበር። ባዘዘው ጉማሬ ሲያይ ከሁላችን ቀድሞ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው ነው። ቢሆንም ደስ ይል ነበር፣ አይደለም? ሴቻ ሰፈር ስንወጣ የልጆች ሰልፍ ከኋላችን አይጠፋም። ሴት ልጆች ፍየል በገመድ እያሳደዱ “እኔ ልክነሽ ነኝ! እኔ ልክነሽ ነኝ!” እየተባባሉ ይጣሉ ነበር። ጫኖ በሄድን ቁጥር ገበሬው ሙዝ ሳያስይዘን አይሸኘንም። አንተ አፍረህ አንገትህን ትደፋ ነበር፤ ባፈና ደግሞ ደረቱን ነፍቶ በመካከል ይሄዳል።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከማዶ ገበያተኛ ጭኖ የሚመጣ ጀልባ ተገልብጦ ሴቶችና ሕፃናት ከውኃ አወጣን። ጀልባችን እስከ አፏ ሞላች። ያኔ ነው የባፈናን ታናሽ ወንድም ኤርጫፎን በእንጨት ታንኳው ላይ ሆኖ እጁን ሲያወዛውዝ ያየነው። ገመዴን ወረወርኩ፤ አልደረሰም። ባፈና “ወደፊት! ወደፊት!” ብሎ ጮኸ። ውኃ እየገባብን ነበር፤ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን በጉልበቷ መካከል ይዛ ታለቅሳለች። አንተ መሪውን አዞርክና ወደ ዳር መለስከን። ሰዎቹን አራግፈን ወዲያው ተመለስን። ታንኳዋን አገኘናት። ኤርጫፎን አላገኘነውም።

ዳር ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ባፈና ያለህን አልረሳሁትም፤ አንተም እንዳልረሳኸው የነፋሱ ነገር ነገረኝ። “በሥዕሉ ላይ ቢሆን ኖሮ አታዞራትም ነበር” አለህ። መቅዘፊያህን አሸዋው ላይ አጋድመህ ሄድክ። እኔ ወደ ቤትህ የሄድክ መስሎኝ ነበር። አገር ለቀህ መሄድህን የሰማሁት ከሰው ነው።

መምህር ኃይለመስቀልም ከዚያ ወዲህ እርሳስ አላነሳም። የመጨረሻው እትም ከዚያ ቀን በፊት ወጥቶ ነበር፤ አራታችን በማዕበል መካከል እንደሆንን ያበቃል። ልጆቹ ተከታዩን ሲጠብቁ ሲጠብቁ አድገው ልጅ ወለዱ። እኛም አረጀን። ባዘዘውን ስኳር ይዞት ያ ትከሻ ልብስ መስቀያ ሆኗል፤ በከዘራ ነው የሚሄደው። ባፈና አስም ይዞት ጫኖ የሙዝ መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ውኃ ውስጥ ውሎ ያድራል የተባለው ሰው አንድ ዳገት ለመውጣት ሦስት ጊዜ ያርፋል። ለዓመት በዓል ካልሆነ አንገናኝም ነበር፤ ስንገናኝም ሐይቁን አናነሳም። እኔ ከአስጋሪዎቹ ዓሣ የምረከበው እዚሁ ቤቴ ነው። ወደ ውኃው መውረድ ከተውኩ ቆየሁ።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ሃና የምትባል፣ ተመርቃ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ የያዘች ልጅ ከእናቷ ሳጥን ውስጥ የኛን መጽሔቶች አገኘች። ሦስታችንም በሕይወት እንዳለን ስትሰማ አላመነችም፤ ለሕፃናት የንባብ ቀን በእንግድነት ጠራችን። ባዘዘው ኮት ተውሶ መጣ፣ እጅጌው ጣቱን ይሸፍነዋል። ባፈና ከሁላችን ራቅ ብሎ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አዳራሹ ውስጥ የተሰቀለው ጨርቅ ላይ በሥዕሉ የነበርነው እኛ አለን፤ ጡንቻችን፣ ጥርሳችን፣ ጸጉራችን። ከሥሩ እኛ ነን። ልጆቹ ወደ ላይ ያዩና ወደ ታች ያያሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ ወንበሩ ይዞኝ ቢሰምጥ ደስ ባለኝ።

አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ “ጉማሬ የሚሸከሙት የትኛው ናቸው?” አለ። ባዘዘው ከዘራውን ቀስ አድርጎ አነሳ። ልጁ “ታዲያ ምነው እንዲህ ከሱ?” ቢለው፣ “ልጄ፣ ብዙ ዘመን ተሸከምኩት። አሁን ጉማሬው ‘ተራው የኔ ነው’ ብሎ እሱ ይሸከመኛል” አለው። እንዴት እንደሳቁ! ባዘዘውም ሳቀ፣ እኔም ቀለል አለኝ። ወዲያው ግን አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ተነሳችና፣ “ጀልባዋስ? ከማዕበሉ ወጣች ወይስ ሰጠመች? እማዬ እስካሁን አላወቀችም፤ ጠይቂልኝ ብላኛለች” አለች።

ባፈና ሳል ያዘው፤ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ወጣ። ሃና ምስኪን ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ልታለቅስ ደረሰች። አይዞሽ፣ ያንቺ አይደለም አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ከሰል እያያያዝኩ ባፈና ደጄ ላይ ቆሟል። እንደ ድሮው በጋሞኛ “ሳሮ?” ብሎ ደህንነቴን ጠየቀኝና መልሴን ሳይጠብቅ ገብቶ ተቀመጠ። ሻይ ቀዳሁለት፤ አልነካውም። “ያቺ ልጅ በትክክል ጠየቀች” አለኝ። “እናቷ ልጅ ሆና ጀምራ እስካሁን ትጠብቃለች። ማን ይመልስላት?” “ኃይለመስቀል ካምባ ከልጁ ዘንድ ነው ያለው። ባዘዘውን ጥሪው፣ እንሂድ” አለ። ወርቄ፣ ባለቤቱ፣ በዚህ ደረትህ ደጋ አትወጣም ብላ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ እምቢ አለ። ባፈናን ታውቀዋለህ።

በገረሴ በኩል ወጣን። ዳገቱ ላይ መኪናው ግሎ ቆመ፤ ባፈናም ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አየር ይስባል። “አየሽ፣ መኪናውም እንደኔ አስም አለበት” ብሎ አሳቀን። ጉም ከሸለቆው እየተነሳ ጫማችን ድረስ ይመጣ ነበር። ባዘዘው የተዋሰውን ኮት አውልቆ ባፈና ላይ ደረበለት። ስንት ዘመን በአንድ አገር እየኖርን ተራርቀን፣ አሁን አንዳችን ሌላውን አለበስን።

መምህር ኃይለመስቀል ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ልጁ ትከሻውን ይዛ ወደ እኛ አዞረችው። አንድ በአንድ ተመለከተን። ደስ አለኝ አላለም፣ እንደምን ናችሁ አላለም። “አራተኛውስ?” አለ።

ምሳ ከበላን በኋላ ባፈና የመጣንበትን ተናገረ። መምህር ኃይለመስቀል እንዲህ አለ፦ “ሰንፌ አይደለም የተውኩት። እንደሆነው ብስለው ባፈናን እጎዳለሁ። ሌላ አድርጌ ብስለው ኤርጫፎን እዋሸዋለሁ። በሁለቱ መካከል እጄ ደረቀ፤ አካሌ የደረቀው ኋላ ነው። አሁን እናንተው ንገሩኝ።”

ባዘዘው ቶሎ ብሎ፣ “ኤርጫፎን እናውጣው! የሚያነቡት ልጆች ናቸው። እኔ እዘላለሁ፣ ታንኳውን ከነልጁ ተሸክሜ አመጣዋለሁ። ምን ይጎዳል?” አለ፤ ሳይጨርሰው እንባው ቀደመው። ሁላችንም የምንጠብቀው ባፈናን ነበር።

ባፈና ያለውን ቃል በቃል ልጽፍልህ እሞክራለሁ፤ አደራ ነውና።

“እንደሆነው ሳለው። ጀልባዋ ትዙር” አለ። “መሪውን የያዘው እጅ ትክክል ነበር። እኔ ይህን ያወቅኩት ዛሬ አይደለም። ልጆቿን በጉልበቷ የያዘችውን ሴትዮ ታስታውሳላችሁ? ጫኖ ጎረቤቴ ናት። ልጆቿ እኔ በምጠብቀው መጋዘን ሙዝ ይጭናሉ። በየቀኑ አያቸዋለሁ። ትልቁ ልጅ ወልዷል፤ ልጁን ያሳቅፈኛል። ባቀፍኩት ቁጥር ያን እጅ አስባለሁ። ወደፊት ብንል ኖሮ ኤርጫፎን አናገኘውም፤ እነዚህም የሉም፣ እኛም የለንም። ያን ቀንም ውስጤ ያውቀው ነበር።”

ባዘዘው “ታዲያ ለምን እንደዚያ አልከው?” አለው።

“ሐይቅ ላይ ብቆጣ ሐይቅ አይሰማም” አለ ባፈና። “ሰው ይሰማል። ስለዚህ ሰው ላይ ተቆጣሁ። ሲመለስ አናግረዋለሁ አልኩ። ሰውየው ግን ሄደ። ቁጣው አብሮት ይሄዳል ብዬ ነበር፤ እኔ ጋር ቀረ።”

ብድግ ብሎ ወደ ጓሮ ወጣና እርጥብ ሣር ነጭቶ ተመለሰ። በአገራችን ሣር ይዞ የቆመ ሰው ይቅርታ እንደሚለምን ላንተ አልነግርህም። የሚቀበለው ሰው ስላልነበረ ባዶው ወረቀት ላይ አኖረውና ተቀመጠ። መምህር ኃይለመስቀል ሣሩን ባልሞተው እጁ ዳር አድርጎ እርሳስ አምጡልኝ አለ።

የሳለው በግራ እጁ ነው። ወረቀቱ እንዳይሸሽበት ባዘዘው በሁለት መዳፉ ተጭኖ ያዘለት፤ ጉማሬ ያሸከሙት ሰው ወረቀት ለመያዝ ላቡ እስኪወርድ ታገለ። የመምህሩ መስመር ይንቀጠቀጣል። ታምነኛለህ፣ የድሮው ውኃ በጣም ያማረ ነበር፤ የአሁኑ ግን አባያ ነው፣ ራሱ፣ ያ ቀይ ውኃ ሲቆጣ። ገመዴን ሳለው፤ ውኃው ላይ አጥሮ ተኝቷል። ኤርጫፎን ሳለው፤ ትንሽ፣ ሩቅ፣ እጁን አንስቶ። ባፈና ጎንበስ ብሎ አየውና “ሸሚዙ እንዲህ ነበር፣ አንድ ቁልፍ አልነበረውም” አለ። መምህሩ ቁልፉን አጠፋለት። ከዚያ ጀልባዋ ስትዞር ሳለ። አንተ ጀርባህን ሰጥተህ፣ መሪውን ይዘህ። ሕፃናቱ ወደ አንተ ያያሉ።

ካምባ ጥቂት ቀን ሰነበትን። የመጨረሻው ገጽ ላይ መምህሩ፣ “ይህን ታሪክ የምትነግሩት እናንተ ናችሁና ዛሬ እንዳላችሁ እስላችኋለሁ” አለ። ባዘዘው ትንሽ ሥጋ ጨምርልኝ ቢለው፣ “ከየት አምጥቼ? ራስህ በልተህ ና” አለው። ባዘዘውን ከነከዘራው፣ እኔን ከነዘንባላ ትከሻዬ፣ ባፈናን ደረቱን እንደያዘ ሐይቁ ዳር አስቀመጠን። ያንተ ቦታ ሲደርስ እርሳሱን ከወረቀቱ አነሳ። “የወጣትነት ፊቱን ዓይኔን ጨፍኜ እስለዋለሁ፤ የዛሬውን አላውቀውም። ያላየሁትን አልስልም” አለ። እኔ ገምተህ ሳለው ብዬ ልናገር ስል ባፈና ከለከለኝ። “ቦታውን ተውለት። ከእኔ አጠገብ። መጥቶ ይሳላል።”

ስንወርድ ባፈና መኪና ውስጥ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ “ልክነሽ፣ ጻፊለት። እኔ አማርኛዬ ይሰበርብኛል። በሰላምታ ብዛት እንዳታደክሚው፣ ነገሩን ንገሪው” አለኝ። የት ብዬ ልጻፍ? ያለህበትን የሚያውቅ አልነበረም። ሐዋሳ ጠየቅኩ፣ ጂንካ ጠየቅኩ። ባፈና በተገናኘን ቁጥር “አገኘሽው?” ይለኝ ነበር። ቦንቱን እግዜር ትንሽ ቀደም አድርጎ ቢያመጣት ምን ነበረበት? ግን እሱ የሚያደርገውን ያውቃል፤ አላማርርም።

መጽሔቱን ሃና አሳትማዋለች፤ ያንተ ቦታ ክፍት እንደሆነ። ያቺ ጥርሷ የወለቀ ልጅ ለእናቷ ወስዳላታለች። እናቲቱ ዓሣ ቤቴ ድረስ መጥታ እጄን ስማኝ ሄደች።

ስለ ባፈና ጤና ትጠይቀኛለህ። ምን እንደምልህ ሳስብ ብዙ ወረቀት ቀደድኩ። አሁን አያስለውም። ትንፋሽም አያጥረውም። ወርቄ ከሰው ጋር ናት፤ ያ ጫኖ ያለው የጎረቤት ልጅና ወንድሙ ከደጇ አልተለዩም፤ ከባዱን ነገር ሁሉ በትከሻቸው የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ባዘዘውም እሷው ዘንድ ይውላል። እኔ የእድሩን ዕቃ አስረክቤ መመለሴ ነው፤ ነጠላዬን ሳልለውጥ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ቦንቱን ይህን ደብዳቤ ባለቤቱ ባለችበት እንጂ ለብቻው እንዳትሰጪው ብያታለሁ፤ አትቆጣት።

ስትመጣ በቀጥታ ወደ ጫኖ እንዳትሄድ። መጀመሪያ ወደ እኔ ና፤ አብረን እንሄዳለን። ከዚያም ካምባ እንወጣለን፤ መምህር ኃይለመስቀል እጁ እስካለ ይጠብቅሃል። ነፋሱን አትፍራው። ዳር ቆመን ነው የምንጠብቅህ፣ ማንም ሐይቅ ግባ አይልህም።

ያዞርካት ጀልባ ያወጣቻቸው ሁሉ ይባርኩህ። የልጆችህ ልጆች ጉልበትህ ላይ ይደጉ። መንገድህ ይለስልስልህ፤ የሚጠሉህ አይዩህ፣ የሚወዱህ አይጡህ። ያ ትልቅ ሰው የተወልህን ቦታ ለመሙላት ፈጣሪ እግርህን ያበርታው።

የጀልባ እህትህ
ከአርባ ምንጭ፣ ሲቀላ